የሬ ቀለበት እስኪከፈት፦ ጎንደር ላይ የፍሌክሶ ፕሌት ስንሠራ

የወረቀት ከረጢት የሚያሳትም ሰው በዝቷል። የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ ቡና ቆልተው ከሚሸጡት አልፎ ሽሮና በርበሬ አዘጋጆችም እየመጡ ነው። ማተሚያ አለን። ሁለት ቀለም የምታትም፣ ዕድሜዋ የገፋ ግን ጤነኛ ማሽን ናት። የጎደለን ፕሌቱ፣ ማለትም ጽሑፉና ሥዕሉ ከፍ ብሎ የሚወጣበት የማተሚያው ማህተም ነው። እስካሁን ዲዛይኑን አዲስ አበባ እንልካለን፣ ፕሌቱ ተሠርቶ በመኪና እስኪመጣ እንጠብቃለን። አንዲት ፊደል መታረም ካለባት ጥበቃው እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ፕሌቱን እዚሁ ጎንደር ለመሥራት ተነሳን። ሥራው እየሄደ ሳለ የያዝኩትን ማስታወሻ እዚህ አስቀምጣለሁ። ተመሳሳይ ነገር የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቀምበት።

ፍሌክሶን ለማያውቅ በአጭሩ፦ መርሁ የማህተም ነው። ከፍ ያለው ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ዝቅ ያለው አይነካም። ይህ ማህተም ግን ሲሊንደር ላይ ተጠቅልሎ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። የመጀመሪያው ማሽን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1890 እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ውስጥ ነው። ያኔ ፕሌቱ ጎማ ነበር። ቀለሙ ከአኒሊን የሚሠራ ስለነበር ሥራውም «አኒሊን ኅትመት» ይባል ነበር። ስሙ የምግብ ማሸጊያ ገዢዎችን ስላስፈራ በ1952 ፍሌክሶግራፊ ተባለ። በብርሃን የሚጠነክረው የዛሬው ፕሌት፣ ማለትም ፎቶፖሊመር፣ የገባው በ1970ዎቹ ነው።

ሰኞ፦ ክፍሉ

ቀኑ በመስኮትና በአምፖል አለቀ። ጥሬ ፕሌት አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ብርሃን ካገኘ ሳንፈልግ ይጠነክራል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀን ፀሐይዋ ብርቱ ነው። መስኮቱን ዩቪ በሚያግድ ቢጫ ፊልም ሸፈንን። አምፖሎቹንም ቢጫ አደረግን። ከዚህ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ነጭ ብርሃን አይበራም፣ ስልክም ላይ ያለው ባትሪ ቢሆን።

ፕሌቱን ስንመርጥ በኬሚካል የሚታጠበውንና በውሃ የሚታጠበውን አነጻጸርን። በሙቀት የሚሠራም አለ፤ ማሽኑ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። በኬሚካል የሚታጠበው ሽታው ከባድ ነው። ሲታጠብ ደግሞ ያብጣል። በ60 ዲግሪ ምድጃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ደርቆም ውፍረቱ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ግማሽ ቀን ያህል ማረፍ ይፈልጋል። የውሃው በአንጻሩ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃውን መረጥን። ጎንደር ላይ በውሃ የሚሠራ ሥራ መጀመር ድፍረት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቃል። ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው። ሁለት በርሜል ሞልተን አስቀመጥን፤ ጄሪካኖቹም በተጠንቀቅ ናቸው።

ማክሰኞ፦ ፊልም

ፕሌት ለመሥራት ኔጋቲቭ ፊልም ያስፈልጋል። ፊደሉ ባለበት ቦታ ብርሃን ያልፋል፣ የቀረው ጥቁር ነው። ብርሃን ያገኘው ፖሊመር ይጠነክራል፣ ያላገኘው በውሃ ይሄዳል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ፊልም እየቀረ ነው። እዚያ ፕሌቱ ራሱ ላይ ስስ ጥቁር ሽፋን አለ፤ ሌዘር ሽፋኑን እየላጠ ምስሉን ይከፍታል። እኛ ግን በፊልም ነው የምንሠራው።

ከተማ ውስጥ ቲሸርት የሚያትሙ ልጆች ዲዛይናቸውን በሌዘር ፕሪንተር ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ያወጣሉ። ለስክሪን ኅትመት ይበቃል፣ ለፕሌት ግን አይሆንም። ጥቁሩን ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ብርሃን ያሾልካል። እንዲህ ያለ ፊልም ሲጋለጥ ባዶ መሆን ያለበት ቦታም በትንሹ ይጠነክራል። በፊደሎቹ መካከል ስስ ቆዳ ይቀራል። የፕሌት ፊልም የጥቁረት መጠኑ 4 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። 4 ማለት ከአሥር ሺህ የብርሃን እጅ አንዱ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ለኢንክጄት የተሠራ ወፍራም ፊልም አስመጣን፤ ፕሪንተሩም የሚችለውን ያህል ጥቁር ቀለም እንዲጥል አስተካከልነው።

ፊልሙ ምስሉ ባለበት በኩል ሻካራ መሆን አለበት። ፊልሙን ከፕሌቱ ጋር የሚያጣብቀው ቫኪዩም አየሩን ሲስብ ለስላሳ ፊልም ፕሌቱ ላይ ልጥፍ ይልና አየር ያፍናል። አየር የታፈነበት ቦታ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል። አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። በሻካራው ፊት በኩል ሲያዩት በትክክል የሚነበብ ፊልም ያንኑ ፊቱን ወደ ፕሌቱ አድርጎ ሲተኛ፣ ፕሌቱ ላይ የተገላበጠ ፊደል ይወጣል። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይቃናል።

ረቡዕ፦ ወለሉ

መጀመሪያ ብርሃን የሚሰጠው በፕሌቱ ጀርባ በኩል ነው። ይህ ፊደሎቹ የሚቆሙበትን ወለል ያጠነክራል። ወለሉ ስስ ከሆነ ቀጫጭን መስመሮች ሥር አጥተው በማጠቢያው ብሩሽ ይነቀላሉ። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ፊደሉና ወለሉ ይቀራረቡና ወለሉም ቀለም መንካት ይጀምራል። የእኛ ፕሌት 1.7 ሚሊ ሜትር ነው። የፈለግነው ወለሉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ፊደሉ ከዚያ በላይ 0.7 ያህል እንዲቆም ነው።

ከአንድ ፕሌት ጠባብ ቁራጭ ቆረጥን። በካርቶን እየሸፈንን ደረጃ በደረጃ ብርሃን ሰጠነው። አጠብን፣ አደረቅን፣ በሚክሮሜትር ለካን። 20 ሴኮንድ ያገኘው ክፍል 0.6 ሆነ። 30 ያገኘው 0.85፣ 40 ያገኘው ደግሞ 1.05። ስለዚህ 40 አልን።

ማታ ላይ ያንኑ 40 ሴኮንድ ስንሰጥ ወለሉ 0.9 ብቻ መጣ። ፕሌቱ ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ሰዓቱ ያው። የተለየው ኤሌክትሪኩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የዩቪ ቱቦዎቹም ብርሃን ይቀንሳል። ለዓይን አይታወቅም፣ ፕሌቱ ግን ያውቃል። ስታብላይዘር ገባ። ከዚያ በላይ የረዳን ግን የዩቪ መለኪያው ነው። አሁን የምንሠራው በሴኮንድ ሳይሆን ፕሌቱ ላይ ባረፈው የብርሃን ድምር ነው። ቱቦዎቹ እያረጁ ሲሄዱም ይኸው መለኪያ ይነግረናል። በሰዓት ብቻ መሥራት እዚህ አያዋጣም።

መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የተጀመረውን ፕሌት አናስቀጥልም። የቆመ ብርሃን ተመልሶ ሲመጣ ውጤቱ ያው ስለማይሆን ፕሌቱ ለሙከራ ቁራጭነት ይቀመጣል።

ሐሙስና ዓርብ፦ የሬ ቀለበት

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው ይህ ክፍል ነው።

ዋናው ብርሃን የሚሰጠው በፊት በኩል፣ በፊልሙ ውስጥ አልፎ ነው። ስንት ደቂቃ የሚለው በሙከራ ይገኛል። ለዚህ የሚያገለግል መሞከሪያ ፊልም ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ቀጫጭን መስመሮች፣ ነጠብጣቦች፣ የላቲን ፊደሎች አሉበት። ጥሩ ነገር ነው። ግን ስለ ግዕዝ ፊደል ምንም አይነግረኝም። የእኛ ፊደል ሰውነቱ ወፍራም ነው፣ ምልክቱ ግን ጥቃቅን ነው። ቤን ከቢ የሚለየው እግሯ ሥር ያለች ቀለበት ናት። ቀለበቷ ቀለም ከሞላች ቤ ቢ ትሆናለች። በርበሬም በርበሪ።

ስለዚህ የራሳችንን መሞከሪያ ሠራን። «በርበሬ»፣ «ሽሮ»፣ «ንጹህ»፣ «የተጣራ ክብደት» የሚሉትን ቃላት ከ6 እስከ 14 ነጥብ ድረስ በየመጠናቸው ደረደርን። አንዴ ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ፣ አንዴ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ። ያንን ፊልም በአራት የተለያየ የብርሃን መጠን አጋለጥነው።

በአጉሊ መነጽር የታየው እንዲህ ነው። በ4 ደቂቃ የሬ ቀለበት ወለል ብላ ተከፍታለች። ነገር ግን ቀለበቷን ከእግሩ ጋር የሚያያይዛት ቀጭን መስመር ተጣሟል፣ በ6 ነጥብ ደግሞ ጭራሽ ተበጥሷል። በ6 ደቂቃ መስመሩ ጸንቷል፣ ቀለበቷም አለች። በ9 ደቂቃ መስመሩ እንደ ምሰሶ ቆሟል። የቀለበቷ ጉድጓድ ግን መሙላት ጀምሯል። በ12 ደቂቃ ከላይ ሲያዩት ቀለበት ይመስላል፤ በመርፌ ጫፍ ሲነኩት ጥልቀት የለውም። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ማተሚያው ላይ ወዲያው በቀለም ይደፈናል።

ምክንያቱ ብርሃን ፖሊመሩ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ብሎ አለመውረዱ ነው። ወደ ጎንም ይበተናል። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ወደ ወለሉ የሚሰፋ ትከሻ ይሠራል። ትከሻው ጥሩ ነው፣ መስመሩን ያጸናል። ግን ቀለበቷ ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጡ ትከሻዎች ይገናኛሉ። ቀጭኑ መስመር ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ቀለበቷ ትንሽ። ሁለቱም ያሉት በአንዲት ፊደል ላይ ነው።

6 ደቂቃ ተኩል ላይ ረጋን። ግን በ8 ነጥብና ከዚያ በታች ብርሃኑ ብቻውን አይበቃም። ፊደሉን ራሱን መንካት ነበረብን። ቀጭንና ወፍራሙ ብዙ የሚራራቀውን ፎንት ትተን፣ መስመሩ ወጥ የሆነውን መረጥን። ከዚያም በዲዛይን ፕሮግራሙ ላይ የሬን፣ የሮን፣ የቤን ቀለበቶች አንድ በአንድ አሰፋን። ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ሲሆን ደግሞ የመስመሩ ውፍረት ከ0.3 ሚሊ ሜትር እንዳይወርድ ወሰንን።

ይህን ያህል ስለ አንዲት ቀለበት ለምን ይደከማል የሚል ይኖራል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ገበያው ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ላይ የላቲኑ ጽሑፍ ጥርት ብሎ፣ አማርኛው ተጨመላልቆ አያለሁ። ፊደላችን ከባድ ስለሆነ አይደለም። ፕሌቱ ሲሠራ ማንም እሱን አስቦ አልለካለትም። ሲለካለት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፕሌቱ ላይ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ፦ እጥበት

ፒያሳ አካባቢ ማህተም የሚሠሩ ጋሼ ሥራችንን ሊያዩ መጡ። እሳቸውም በፈሳሽ ፖሊመር ነው የሚሠሩት። ፊልም አንጥፈው፣ ፈሳሹን አፍስሰው፣ በዩቪ ያጠነክራሉ፤ የቀረውን ያጥባሉ። የብሩሹን አያያዝ አይተው ዝም ማለት አልቻሉም።

«አትጫነው። ክብ ክብ እያደረግህ ሂድ። በአንድ አቅጣጫ ከሳብከው ቀጭኑን ሁሉ አጋድመህ ትጨርሰዋለህ።»

«እሺ ጋሼ። ውሃው ግን ይበልጥ ቢሞቅ አይፈጥንም?»

«ይፈጥናል። ፊደሉንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።»

እውነታቸውን ነው። ውሃው 40 ዲግሪ አካባቢ፣ ትንሽ ሳሙና ጠብ ተደርጎበት፣ ለስላሳ ብሩሽ። ወለሉ እኩል ሆኖ ሲታይ ይበቃል። ከዚያ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። ፊቱ ላይ የቀረ ጠብታ ከደረቀ እድፍ ሆኖ ስለሚታተም ውሃው በስፖንጅ ይመጠጣል፣ ፕሌቱም ወደ 60 ዲግሪው ማድረቂያ ይገባል። ከደረቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዲጠነክር እንደገና የዩቪ ብርሃን ያገኛል። መጨረሻ ላይ የፊቱን ማጣበቅ የሚያጠፋው 254 ናኖሜትር ያለው ሌላ መብራት ነው። ይህ መብራት ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። ሳጥኑ ሳይዘጋ እንዳይበራ በሩ ላይ ማብሪያ ገጥመናል።

የእጥበቱን ውሃ ቦይ ውስጥ አንደፋም። ያልጠነከረ ፖሊመር አለበት፤ ከዚህ የሚደፋው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቀሃ ወንዝ ይገባል። በበርሜል አጠራቅመን እናዘቅጠዋለን፣ በጨርቅ እናጣራለን። የቀረውን ዝቃጭ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተን ፀሐይ ላይ እናወጣዋለን። ፀሐይዋ አጠንክራ ደረቅ ቆሻሻ ታደርገዋለች። የተጣራው ውሃም ለመጀመሪያው ዙር እጥበት ተመልሶ ያገለግላል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰኞ፦ ክቡ ሞላላ እንዳይሆን

ፕሌቱ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ነው። ሲሊንደር ላይ ሲጠቀለል ፊቱ ይለጠጣል። ከሥሩ ያለው ስስ ፖሊስተር አይለጠጥም። የመለጠጡ መጠን በሒሳብ ይገኛል። ከ1.7 ላይ የፖሊስተሩን 0.125 ቀንሶ፣ የቀረውን በ2 እና በ3.14 ማባዛት ነው። 9.9 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የእኛ ሲሊንደር በአንድ ዙር 300 ሚሊ ሜትር ያትማል። ስለዚህ ዲዛይኑ በጥቅልሉ አቅጣጫ ብቻ ወደ 96.7 በመቶ መጥበብ አለበት። በወርዱ አይነካም።

ባልተስተካከለና በተስተካከለ ፕሌት ጎን ለጎን አተምን። ባልተስተካከለው 100 ሚሊ ሜትር የሆነው መስመር ወረቀቱ ላይ 103.4 ሆነ፤ ክቡም ሞላላ ሆነ። በተስተካከለው ክቡ ክብ ነው። አሁን በእያንዳንዱ ዲዛይን ጠርዝ ላይ አንድ የመለኪያ መስመር እናስቀምጣለን።

ማክሰኞ፦ ማተሚያው ላይ

ፕሌቱ ሲሊንደሩ ላይ የሚጣበቀው በባለ ሁለት ፊት ቴፕ ነው። የእኛ ቴፕ ፎም ያለው፣ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሌትና ቴፑ ተደምረው 2.08 ይሆናሉ፤ ሲሊንደሩም ለዚሁ ነው የተሠራው። ውፍረቱ ሌላ ቢሆን የአንድ ዙሩ ርዝመት ይዛባ ነበር። ሲሊንደሩ በአልኮል ይጸዳል። ፕሌቱ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫኑ ይለጠፋል። አንዲት የአየር አረፋ ከሥሩ ከቀረች ያ ቦታ ከፍ ብሎ ጠቁሮ ይታተማል።

ቀለሙን ለፕሌቱ የሚያቀብለው አኒሎክስ ሮለር ነው። ፊቱ እንደ ንብ ሰፈፍ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ነው። ዶክተር ብሌድ የሚባለው ስስ ምላጭ ትርፉን ይጠርጋል፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረው ብቻ ያልፋል። የእኛ በሴንቲ ሜትር 100 መስመር ያለው ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ በስቴንለስ ስቲል ብሩሽ ይጸዳል። ክሮም የሆነ ግን የነሐስ ብሩሽ ነው የሚፈልገው፤ መቀያየር የለባቸውም።

ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን ነው። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) 9 አካባቢ ሲሆን በደንብ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ደረቁ ነፋስ ሲነሳ ውስጡ ያለው፣ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው አሚን ይተናል። ፒኤቹ ይወርዳል፣ ቀለሙ ይወፍራል፣ የሬ ቀለበት ልትደፈን ትደርሳለች። መፍትሔው ውሃ ብቻ መጨመር አይደለም። መጀመሪያ ፒኤቹን መመለስ ነው። አሁን ባልዲው ተከድኗል፣ መለኪያውም ከማሽኑ አጠገብ ተሰቅሏል።

ግፊቱ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው የሚፈለገው። ፕሌቱ ወረቀቱን ዳሰስ አድርጎ ማለፍ አለበት። ሲጫን በፊደሉ ዙሪያ ጠቆር ያለ ጠርዝ ይታያል። ከዜሮ ተነስተን ሁሉም ፊደል እስኪታይ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አስጠጋን፤ እዚያው አቆምን።

ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት እትዬ ናሙናውን ሊያዩ መጡ። የቀድሞ ከረጢታቸውን ይዘው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ክንዳቸውን ቀና አድርገው አነበቡ።

«ይኼ በርበሪ ነው የሚለው» አሉ አሮጌውን እያሳዩ። «ሰው ይስቅብኝ ነበር።»

«አዲሱስ እትዬ? ትንሹን ጽሑፍ ያነቡታል?»

«የተጣራ ክብደት፣ አምስት መቶ ግራም» ብለው ያለ መነጽር አነበቡት። ከዚያ ግን የሚያበቃበት ቀን የት እንደሚጻፍ ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀኑ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በፕሌት አይታተምም። ባዶ ነጭ ሳጥን ተከፍቶለት በማህተም ይመታል። የጋሼ ሥራ ይሆናል።

ዓርብ፦ ፋሲል ግንብ

ቡና ቆልተው የሚሸጡ ደንበኛ ከረጢቱ ላይ ፋሲል ግንብ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ያመጡት ፎቶ ነው። ክራፍት በሚባለው ቡናማ የከረጢት ወረቀት ላይ፣ በእኛ ማሽን ፎቶ አይሆንም፤ ጥቃቅን ነጠብጣቦቹ ወረቀቱ ላይ ይሰፉና ግንቡ ጥላ ብቻ ይሆናል። በመስመር ሣልነው። መጀመሪያ ድንጋዩን አንድ በአንድ አወጣን፤ ሲያንስ ተጨፈለቀ። ድንጋዩን ትተን ከቅርጹ ውጪ ምንም አላስቀረንም። በየማዕዘኑ ያሉት ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው፣ የአጥሩ ጥርስ፣ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው አራት ማዕዘን ማማ። መስመሩ ቢያንስ 0.2፣ በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር። ከሩቅ ሲያዩት ማንም ጎንደሬ አይስተውም።

ሥራ ሲያልቅ ፕሌቱ ወዲያው ይታጠባል። ውሃ የሚያጥበው ፕሌት ስለሆነ አይዘፈዘፍም፣ በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል። ቀለም ከደረቀበት ቀለበቶቹን መልሶ መክፈት ከባድ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ፣ ከፀሐይና ከሞተር ርቆ ይቀመጣል። ሞተር የሚያወጣው ኦዞን ፕሌቱን ይሰነጣጥቀዋል። በየፖስታው ላይ የደንበኛው ሥራ፣ የብርሃኑ መጠን፣ የወለሉ ውፍረትና የቴፑ ዓይነት ተጽፏል።

ቀጣዩ የእትዬ ከረጢት ሁለተኛ ቀለም ነው። ቀዩ በርበሬ ጥቁሩ ጽሑፍ ሥር 0.3 ሚሊ ሜትር እንዲገባ ዲዛይኑን አዘጋጅተናል፤ ወረቀቱ ትንሽ ቢንሸራተት ነጭ ክፍተት አይታይም። ፊልሙ ወጥቷል። ቧንቧው ሲመጣ እናጥባለን።